ጀልባውን ተዪው እህቴ

«ልጆቼን ይዤ ከለንደን ወደ ዮርክሻየር ልሄድ ነው፤ የድሮ ፋብሪካና የውሃ ቦይ ለማየት ጀልባ ልከራይ ወይስ በባቡር?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ በባቡር። እኔ ጀልባውን ሞክሬው ኪሴን አራግፎኛል።

1. መጀመሪያ ሶልቴር። ፋብሪካው ጣቢያው አጠገብ ነው። ታይተስ ሶልት የሚባል የሱፍ ከበርቴ እ.ኤ.አ. በ1853 ከፈተው፤ ለሠራተኞቹም ዙሪያውን ከተማ ሠራላቸው። ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ ሁሉም አለ። መጠጥ ቤት ግን ከለከለ። መንገዶቹን በልጆቹ ስም ሰየማቸው። ዩኔስኮ በ2001 መዝግቦታል። መግቢያ አይከፈልም። ድሬዳዋ፣ ባቡር ጥገናው አጠገብ ስላደግኩ፣ እንዲህ ያለ ቦታ ስገባ ግራሶ የሚሸተኝ ይመስለኛል።

2. ቦዩ። ከሊድስ ሊቨርፑል 204 ኪሎ ሜትር ነው። በ1770 ተጀምሮ በ1816 አለቀ (የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢዎች ተጽናኑ)። እኔ ስኪፕተን ላይ ለሁለት ቀን ጀልባ ተከራየሁ። ካርታ አየሁና «ሶልቴር በመኪና ቅርብ ናት» አልኩ። ጥፋቴ እሱ ነው። ጀልባዋ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የምትሄደው። ውሻዋን የያዘች አሮጊት በቦዩ ዳር ቀደመችን።

ድልድዮቹ ደግሞ አሉ! ውሃው ላይ ዝቅ ብለው የተዘረጉ፣ በእጅ የሚዞሩ ድልድዮች። ሚስቴ መሪ ትይዛለች፤ እኔ ዘልዬ እወርዳለሁ፤ ቁልፉን ከፍቼ በጀርባዬ እገፋለሁ። መኪኖች ተሰልፈው ክላክስ ያንባርቁብኛል። ከሰባተኛው በኋላ መቁጠሩን ተውኩት።

ቢንግሊ ስንደርስ ሰዓቱ አልፏል። እዚያ ውሃ እየሞሉና እያጎደሉ ጀልባ የሚያወጡና የሚያወርዱ አምስት ሎኮች (ከላይና ከታች በር ያላቸው የውሃ ክፍሎች) እንደ ደረጃ ተደርድረዋል። 1774 የተከፈቱ ናቸው፤ ከፍታቸው 18 ሜትር ያህል ነው። የአንዱ የታች በር ለቀጣዩ የላይ በር ስለሆነ፣ ተራውን ካሳትሽ ውሃው ይገነፍላል። ስለዚህ ያለ ጠባቂ አይነኩም። ጀልባዋን አስረን አደርን።

ጠዋት ጠባቂው ልጄን ጠርቶ የበሩን የእንጨት ክንድ አስገፋው። ልጁ ጀርባውን አስደግፎ እግሩን መሬት ላይ ተከለ። በሩ መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ተንቀሳቀሰ። የልጄን ፊት ብታዪው! እስከ ዛሬ ያወራታል። ሶልቴርን ያየነው ከዚያ በቦዩ ዳር በእግራችን ወርደን ነው፤ 5 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ሜዳ ነው።

ጀልባዋን አርፍደን መለስን። የአከራዩ ሴትዮ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ውሉ ላይ አለ» ብላ መያዣዬን አስቀረችው። ውሉን እውነትም አላነበብኩትም። ግን ስከራይ ያን ሁሉ ፈገግታ ከየት አምጥታው ነበር?

3. እና አንቺ ቢንግሊ ውረጂ፣ ሎኮቹን እይ፣ ቦዩን ይዘሽ ወደ ሶልቴር ተጓዢ፣ ከዚያ በባቡር ተመለሺ። ለልጆቹ ቅያሪ ካልሲ ያዢ፤ ዳር ዳሩ ጭቃ ነው።