ስለ ሪጽፋ ልብ ወለድ መጻፍ ይፈቀዳልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 21 ስለተጠቀሰችው ስለ ንጉሥ ሳኦል ቁባት ስለ ሪጽፋ አጭር ልብ ወለድ ጀምሬአለሁ፤ ለሰንበት ትምህርት ቤታችን እኅቶች ላነብላቸው አስቤ ነበር። አንድ ወንድም ግን «በቃሉ አንዳች አትጨምር» የሚለውን ጠቅሶ ኃጢአት ነው አለኝ። ልተወው ወይስ ልቀጥል?

መልስ፦ የተወደድሽ እኅታችን፣ ወንድማችን የጠቀሰው ቃል (ምሳ. 30፥6) በፍርሃት ሊያዝ የሚገባው ነው። የሚከለክለው ግን እግዚአብሔር ያልተናገረውን ተናገረ ብሎ ማስተማርን እንጂ፣ ምሳሌ ወይም ልብ ወለድ መሆኑ ታውቆ የሚነገርን ታሪክ አይደለም። ኢዮአታም በገሪዛን ተራራ ራስ ላይ ቆሞ፣ ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ እንደሄዱ ለሴኬም ሰዎች ሲነግራቸው፣ ዛፍ እንደማይናገር እርሱም እነርሱም ያውቁ ነበር፤ ሆኖም ምሳሌው የኢዮአታምን ወንድሞች የገደለውን አቤሜሌክን በማንገሣቸው የሠሩትን በደል ገለጠባቸው (መሳ. 9)። ስለዚህ አትተዪው፤ የምለምንሽ የተጻፈውን አጥብቀሽ እንድትይዢ ብቻ ነው።

ስለ ሪጽፋ የተጻፈው ጥቂት ቢሆንም ከባድ ነው። በምድሪቱ ሦስት ዓመት ራብ ከሆነ በኋላ፣ ሳኦል በገባዖን ሰዎች ላይ ስላፈሰሰው ደም ከቤቱ ሰባት ወንዶች ተሰጥተው በተራራ ላይ ተሰቀሉ። ሁለቱ የሪጽፋ ልጆች ሲሆኑ አምስቱ የሳኦል የልጅ ልጆች ነበሩ። እርስዋም ማቅ ወስዳ በድንጋይ ላይ ዘረጋች፤ የገብስ አጨዳ ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ ዝናብ ከሰማይ እስኪወርድባቸው ድረስ፣ ቀን ቀን ወፎችን ሌሊት ሌሊት አራዊትን ስትከላከል ቆየች። መጽሐፉ ሁለቱን ብቻ ጠበቀች አይልም። ከማኅፀንዋ ያልወጡትን አምስቱንም ጠብቃለች፤ ምዕራፉን ባነበብሁ ቁጥር ማለፍ የሚያቅተኝ እዚህ ላይ ነው። ኦሪት የተሰቀለ ሰው ሬሳ በእንጨት ላይ ሳያድር በዚያው ቀን እንዲቀበር ታዝዛለች (ዘዳ. 21፥23)፤ ለእነዚህ ሰዎች ግን ያንን ክብር ያሰበላቸው ሰው በተራራው ላይ ከእርስዋ በቀር አልተጠቀሰም። ዳዊትም ያደረገችውን በሰማ ጊዜ የሳኦልንና የዮናታንን አጥንት ከኢያቢስ ገለዓድ አመጣ፤ የተሰቀሉትም አጥንት ተሰበሰበ፤ በሳኦል አባት በቂስ መቃብርም ቀበሩ። እግዚአብሔር ስለ ምድሪቱ የተለመነውን የሰማው ከዚህ በኋላ እንደሆነ ልብ በዪ።

በዚህ ሁሉ ሪጽፋ አንዲት ቃል ስትናገር አንሰማም። እንግዲህ ብዕርሽ ንጉሡን የምትወቅስበት ረጅም ንግግር አይስጣት፤ ዳዊትን ያንቀሳቀሰው ያደረገችው እንጂ የተናገረችው አይደለምና። ልብሽ እንዲሠራበት የተተወልሽ ሌላ ስፍራ አለ። ከፍየል ጠጉር የተሠራው ማቅ በቀትር ፀሐይ ምን ያህል ይለበልባል? ውኃ ያመጣላት ማን ነበር? አጫጆች የዓመቱን የመጀመሪያ ነዶ ይዘው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ፣ ከተራራው ላይ ሆና እያየች ምን ታስብ ነበር? እነዚህን ብትጽፊ ከተጻፈው አንዳች አታፈርሺም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እከለክልሻለሁ። የሳኦል ልጅ ኢያቡስቴ የሠራዊቱን አለቃ አበኔርን «ወደ ሪጽፋ ገብተሃል» ብሎ ከስሶት ነበር (2ሳሙ. 3፥7)። ክሱ እውነት መሆኑን መጽሐፉ አልነገረንም፤ እርስዋንም የጠየቃት የለም። ይህን ወስዶ የፍቅር ታሪክ ማድረግ ለጸሐፊ ቀላል ነው፤ ነገር ግን መልስ ልትሰጥ የማትችልን ሴት ስም ማጉደፍ ይሆናል። በመግደላዊት ማርያምም ላይ እንዲሁ ደርሶባታል፤ ወንጌላዊው ሉቃስ ሰባት አጋንንት እንደወጡላት ብቻ ሲናገር፣ ብዙ ሰው ግን ያልተጻፈውን አመንዝራነት በስሟ ላይ አኑሮባታል።

የሰዎችንም ስም በተመለከተ ተጠንቀቂ። ኦሪት ዘፍጥረት የኖኅን ሚስት በስም አይጠራትም፤ ቤተ ክርስቲያናችን ከ81ዱ መጻሕፍት የምትቆጥረውና ሙሉው በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ኩፋሌ ግን እምዛራ ይላታል። ይህ ከአባቶች የተቀበልነው ነው። አንቺ ለሪጽፋ አገልጋይ ወይም ጎረቤት ፈጥረሽ ስም ብታወጪላት ግን የአንቺ ብቻ ነው፤ አድማጮችሽ እንዳያምታቱት ከመጀመሪያው ንገሪያቸው።

ለእኅቶች ስታነቢ መጀመሪያ ምዕራፉን ከመጽሐፍ ቅዱስ ከቁጥር 1 እስከ 14 አንብቢላቸው፤ «ከዚህ በኋላ የማሰማችሁ እኔ የጻፍሁት ልብ ወለድ ነው» ብለሽ ወደ ጽሑፍሽ እለፊ። ከዚያ በፊት ግን ለደብራችሁ መምህር አሳዪው።