ሁለት ሜጀር፣ ሁለት ዲግሪ ወይስ አንዱን አጥብቆ መያዝ? ስለ ሳይንስ ዲግሪና ጥምር ፕሮግራሞች ጥያቄና መልስ

የክሬዲት ቁጥር ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ ቁጥር በተጠቀሰበት ቦታ በአብዛኛው የየትኛው አገር አሠራር እንደሆነ ተገልጿል። የምትማሩበት ዩኒቨርሲቲ ካታሎግ ከዚህ የተለየ ነገር ካለው ካታሎጉን እመኑ።

ጥያቄ፦ ደብል ሜጀር፣ ደብል ዲግሪ፣ ማይነር የሚባሉት ነገሮች ይምታቱብኛል። ሁሉም ያው ሁለት ትምህርት መማር አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። ሜጀር ማለት የምትመረቅበት ዋና የትምህርት መስክ ነው። ደብል ሜጀር አንድ ዲግሪ ነው፤ በውስጡ የሁለት ትምህርት ክፍሎችን መስፈርት ታሟላለህ፣ የምትቀበለው ዲፕሎማ (የዲግሪ ምስክር ወረቀት) ግን አንድ ብቻ ነው። ደብል ዲግሪ ሁለት ዲፕሎማ ያሰጣል፤ ስለዚህም ተጨማሪ ክሬዲትና ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ዓመት ይጠይቃል። ማይነር ደግሞ ከአምስት እስከ ሰባት የሚሆኑ ኮርሶች ስብስብ ነው፤ ትራንስክሪፕት ላይ ይጻፋል እንጂ ራሱን የቻለ ዲግሪ አይደለም።

ልዩነቱን በሂሳብ እንየው። የአሜሪካ ባችለር ብዙውን ጊዜ 120 ክሬዲት ሰዓት ነው። የጋራ ትምህርቱ 40፣ ሜጀሩ 45 ቢሆን 35 ክሬዲት ለነፃ ምርጫ ይተርፋል። ሁለተኛው ሜጀር 42 ይጠይቃል እንበል። ከመጀመሪያው ጋር የሚጋራው 12 ከሆነ የሚቀርህ 30 ነው፤ 35ቱ ውስጥ ይገባል። የሚጋራው 3 ብቻ ከሆነ ግን 39 ይቀርሃል፤ ስለዚህ ከ120ው በላይ 4 ክሬዲት ትጨምራለህ። ሁለተኛ ዲግሪ ሲሆን ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያው ላይ 30 ክሬዲት እንዲጨመር ስለሚያዙ ድምሩ 150 ይደርሳል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሰናከሉበት አንድ ደንብ አለ። ትምህርት ክፍሎች ለሁለቱም ሜጀር ሊቆጠር በሚችለው ክሬዲት ላይ ጣሪያ ያስቀምጣሉ። አምስት ኮርስ ይጋራሉ ብለህ አስልተህ ደንቡ ሁለት ብቻ ከፈቀደ፣ ሦስት ምትክ ኮርስ መውሰድ ግድ ይሆንብሃል። ይህን ማጣራት ያለብህ ከመመዝገብህ በፊት ነው።

ጥያቄ፦ ፊዚክስን ከሒሳብ ጋር ላጣምር አስቤ ነበር። ጓደኛዬ ግን ፊዚክስና ባዮሎጂ ይሻላል ይለኛል። የቱ ይቀላል?

መልስ፦ ፊዚክስና ሒሳብ በጣም ይቀራረባሉ። ካልኩለስ አንድ፣ ሁለትና ሦስት፣ ሊኒየር አልጄብራ፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ለሁለቱም ያስፈልጋሉ። ይህ ብቻ ከ15 እስከ 20 ክሬዲት ይሆናል። በዚያ ላይ ሒሳብ ላብ (የላቦራቶሪ ክፍለ ጊዜ) ስለሌለው የሳምንት ፕሮግራምህ አይጨናነቅም። አደጋው የሚመጣው ወደ ሦስተኛው ዓመት ላይ ነው። ሪል አናሊሲስና አብስትራክት አልጄብራ ስሌት አይደሉም፤ ማረጋገጫ መጻፍ ነው የሚጠይቁት። በካልኩለስ ኤ ይደረድር የነበረ ተማሪ እዚህ ሲደርስ ክፉኛ ይደናገጣል። ሁለቱን በአንድ ሴሚስተር አትውሰድ።

ፊዚክስና ባዮሎጂ የሚጋሩት ከመጀመሪያው ዓመት እምብዛም አያልፍም። ከዚያ በኋላ ባዮሎጂው ኬሚስትሪ ይፈልጋል፣ ፊዚክሱ ሒሳብ ይፈልጋል፣ ሁለቱም ላብ አላቸው። ላብ ላይ ክሬዲት አያታልልህ። አንድ ክሬዲት የሚል ላብ በሳምንት ሦስት ሰዓት ያቆምሃል፤ ሪፖርቱ ሌላ ሦስት አራት ሰዓት ይወስዳል። ሦስት ላብ ስትደርብ በወረቀት ሦስት ክሬዲት ነው፣ በተግባር ግን ሃያ ሰዓት ሊደርስ ነው። በዚያ ላይ የላብ ሰዓቶች ከሰዓት በኋላ ላይ ስለሚከማቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ፍላጎትህ በሁለቱ መካከል ያለው ነገር ከሆነ ባዮፊዚክስ የሚል ትራክ ካለ ፈልግ፤ የማያስፈልገውን ከሁለቱም ወገን ቀንሶ የሚሰጥ ነው።

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ዓመት ልጀምር ነው፤ ፕሮግራሙ አራት ዓመት ነው። ባዮኬሚስትሪን ሁለተኛ ሜጀር ለማድረግ አስቤአለሁ፣ ኬሚስትሪ ግን ገና አልወሰድኩም። ዘግይቻለሁ?

መልስ፦ አፋፍ ላይ ነሽ። ጥያቄው ስንት ክሬዲት ይቀርሻል ሳይሆን የቅድመ ሁኔታ ሰንሰለቱ ስንት ሴሚስተር ይረዝማል ነው። ጄኔራል ኬሚስትሪ አንድና ሁለት፣ ከዚያ ኦርጋኒክ አንድና ሁለት፣ ከዚያ ባዮኬሚስትሪ አንድና ሁለት። ስድስት ኮርስ ነው፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይጀመርም፤ ስለዚህ ስድስት ሴሚስተር ይፈጃል። አሁን ከጀመርሽ የመጨረሻው በአራተኛው ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ያልቃል። ያለቀው ልክ በልክ ነው፤ ትርፍ ሴሚስተር የለሽም። ኦርጋኒክ አንድ ላይ ኤፍ ብታገኚና ኮርሱ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ የሚባክነው አንድ ሴሚስተር ሳይሆን አንድ ዓመት ነው።

ስለዚህ አንድ ወረቀት ውሰጂና ከመጨረሻው ሴሚስተር ወደ ኋላ ሙዪው። መጀመሪያ የሁለቱንም ሜጀር የመጨረሻ ኮርሶች አስቀምጪ። ከእያንዳንዱ በፊት ምን እንደሚቀድም ጻፊ፤ የትኛው ኮርስ በየትኛው ሴሚስተር ብቻ እንደሚከፈት ካለፉት ሁለት ዓመታት የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ አረጋግጪ። ካታሎግ ላይ ያለ ኮርስ ሁሉ በየዓመቱ አይከፈትም፤ ተማሪ ካነሰ ይሰረዛል። ረጅሙ ሰንሰለት ከቀሩሽ ሴሚስተሮች ቢያንስ በአንድ ካላጠረ ማይነር ውሰጂ። የክረምት ኮርስ ካለ ጄኔራል ኬሚስትሪን በክረምት መጨረስ አንድ ሴሚስተር ያተርፍልሻል፤ ኦርጋኒክን ግን በስምንት ሳምንት መዋጥ አይመከርም።

ጥያቄ፦ ልጄ ዳታ ሳይንስ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። እኔ ደግሞ ስሙ ገና አዲስ ነው፣ ሒሳብና ኮምፒውተር ሳይንስ ቢያጣምር ይሻላል እላለሁ። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ ስሙን ይተዉትና የኮርስ ዝርዝሩን ያስመጡ። ሊኒየር አልጄብራ፣ ፕሮባቢሊቲ፣ ማቲማቲካል ስታቲስቲክስ፣ ዳታ ስትራክቸርና አልጎሪዝም፣ ዳታቤዝ፣ ሪግሬሽን፤ እነዚህ ስድስቱ በዝርዝሩ ካሉና ፕሮባቢሊቲው ካልኩለስን በቅድመ ሁኔታ የሚጠይቅ ከሆነ ፕሮግራሙ ጠንካራ ነው፤ ልጅዎ ልክ ነው። ካልኩለስ የማይፈልግ “ስታቲስቲክስ ለሁሉም” ዓይነት ኮርስ ብቻ ካለበትና ቀሪው የሶፍትዌር አጠቃቀም ከሆነ እርስዎ ልክ ነዎት። ሶፍትዌሩ በየጊዜው ይቀየራል፣ ያለ ሒሳብ መሠረትም ማስተርስ መግባት ይከብደዋል። መካከለኛ መንገድም አለ፦ ስታቲስቲክስ ሜጀር፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ማይነር። ይህ ብዙም የማይታሰብ፣ ግን በጣም የሚያዋጣ ጥምረት ነው።

ጥያቄ፦ ጂፒኤዬ 2.7 ነው። ሁለተኛ ሜጀር ብጨምር ለማስተርስ ሳመለክት ይረዳኛል?

መልስ፦ አይረዳህም። ለማስተርስና ለዶክትሬት የሚቀበሉ ሰዎች በመጀመሪያ የሚያዩት የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት የሜጀር ኮርሶች ውጤትን፣ የምርምር ሥራንና የድጋፍ ደብዳቤን ነው። ሁለተኛ ሜጀር የሦስቱንም ጊዜ ይሻማል። ያን 30 ክሬዲት ከመጨመር የላይኛውን ኮርስ በኤ ማለፍና አንድ ዓመት ሙሉ ከአንድ መምህር ጋር ላብ ውስጥ መሥራት ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ኢንጂነሪንግና ሳይንስ በአምስት ዓመት የሚያስመርቅ ፕሮግራም አየሁ። ሰባት ዓመት የሚፈጀው እንዴት አምስት ሆነ? የተቀነሰ ነገር አለ?

መልስ፦ ይህ በአውስትራሊያ በጣም የተለመደ ነው። በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎቿ አንድ ዓመት 48 ነጥብ ነው። ኢንጂነሪንግ አራት ዓመት፣ 192፤ ሳይንስ ሦስት ዓመት፣ 144፤ ድምሩ 336። ጥምሩ ግን 240 ነው። የጠፋው 96 ነጥብ በአብዛኛው የሁለቱም ነፃ ምርጫና ሁለቴ ሊቆጠር የሚችለው ሒሳብና ፊዚክስ ነው። የዋናው ትምህርት ይዘት አልተነካም፤ የተነካው ነፃነትህ ነው። ሙዚቃም ቋንቋም ልሞክር የምትልበት ቦታ አይኖርህም።

እጅግ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ሌላ ነው፦ የኢንጂነሪንጉ ወገን በሙያ አካል እውቅና ያለው መሆኑ። በ1989 የተፈረመው የዋሽንግተን ስምምነት በአባል አገሮች እውቅና ያገኙ የኢንጂነሪንግ ዲግሪዎችን እንደ አቻ ያስቆጥራል። “ኢንጂነሪንግ ሳይንስ” ወይም “አፕላይድ ፊዚክስ” የሚል ባችለር ስሙ ቢያምርም እውቅናው ከሌለው በኢንጂነርነት ለመመዝገብ አያበቃ ይሆናል። እውቅናው ለዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ለፕሮግራሙ በስም የሚሰጥ ስለሆነ ዝርዝሩ ላይ የፕሮግራሙን ስም ፈልግ።

ጥያቄ፦ ባችለርና ማስተርስ አንድ ላይ የሚሰጠው ፕሮግራምስ?

መልስ፦ ሁለት ዓይነት አለ። በእንግሊዝ የተቀናጀው ማስተርስ አራት ዓመት፣ 480 ክሬዲት ሲሆን የመጨረሻው 120 በማስተርስ ደረጃ ነው፤ መደበኛው ባችለር 360 ነው። በአሜሪካ ደግሞ “አራት ሲደመር አንድ” ይባላል፤ ጥቂት የማስተርስ ኮርሶች በአራተኛው ዓመት ተወስደው ለሁለቱም ይቆጠራሉ።

ከምዝገባ በፊት ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛ፣ ውጤቴ ከተፈለገው በታች ቢሆን በባችለር መውጣት እችላለሁ ወይ? አብዛኞቹ ይፈቅዳሉ፣ ግን ጽሑፉን በዓይንሽ እዪው። ሁለተኛ፣ ቀጥሎ ዶክትሬት ወዴት አስበሻል? በአውሮፓ የክሬዲት ሥርዓት፣ ማለትም በኢሲቲኤስ፣ ሁለት የእንግሊዝ ክሬዲት እንደ አንድ ስለሚቆጠር 480ው 240 ይሆናል። ባችለርና ማስተርስ ተደምሮ 300 ኢሲቲኤስ የሚጠይቅ ዩኒቨርሲቲ ጋ ስትሄጂ ክርክር ሊነሳ ይችላል።

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲ ልቀይር ነው። የወሰድኳቸው ኮርሶች ይቆጠሩልኛል?

መልስ፦ የተወሰኑት ብቻ። በኢሲቲኤስ አንድ ሙሉ ዓመት 60 ነው፣ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 የሥራ ሰዓት ይወክላል፤ አንድ የአሜሪካ ክሬዲት በግምት ሁለት ኢሲቲኤስ ይደርሳል። ቁጥሩ ግን በራሱ አያሻግርህም። ትምህርት ክፍሉ የሚያየው ሲላበሱን ነው፦ ምዕራፎቹን፣ መጽሐፉን፣ የላብ ሰዓቱን። ስለዚህ ከመልቀቅህ በፊት የእያንዳንዱን ኮርስ ሲላበስ በማኅተም አስወጣ፤ ከሄድክ በኋላ ማስላክ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ውድቅ የሚሆኑት በአብዛኛው ሦስት ዓይነት ናቸው፦ ላብ ያልነበረው የሳይንስ ኮርስ፣ ከሲ በታች የሆነ ውጤት፣ ብዙ ዓመት ያለፈው የፕሮግራሚንግ ኮርስ። በሌላ በኩል የሚቆጠርልህ “እንደ ነፃ ምርጫ” ብቻ ከሆነ ለሜጀሩ ምንም አልጠቀመህም፤ ስለዚህ “ስንት ክሬዲት ተቀበላችሁ” ብለህ አትጠይቅ፣ “በየትኛው ኮርስ ምትክ” በል። የመጨረሻው 30 ክሬዲት እዚያው እንዲወሰድ የሚያዝ ደንብም በብዙ ቦታ አለ።

ጥያቄ፦ ወደ ሕክምና ለመግባት የትኛው ሜጀር ይሻላል?

መልስ፦ ሕክምና ከባችለር በኋላ በሚሰጥባቸው አገሮች፣ ለምሳሌ በአሜሪካ፣ ሜጀሩ ማንኛውም ሊሆን ይችላል፤ ባዮሎጂ፣ ጄኔራልና ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ ከነላባቸው ይሟሉ። የመግቢያ ፈተናው ኤምካት ከ2015 ወዲህ ባዮኬሚስትሪ፣ ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂም ይጠይቃል። በቀጥታ ከሁለተኛ ደረጃ በሚገባባቸው አገሮች ይህ ሁሉ አይመለከትሽም።

ጥያቄ፦ ሁለት ሜጀር ካለኝ ሁለት የመመረቂያ ጽሑፍ ነው የምጽፈው?

መልስ፦ እንደየቦታው ነው። በጽሑፍ ካልተፈቀደ በቀር ሁለት ይሆናል ብለህ አስብ። አንድ ርዕስ በሁለት አማካሪ መሥራት ከተፈቀደልህ የሁለቱንም ፊርማ ሥራው ሳይጀመር አስፈርም፤ አንዱ በመጨረሻው ወር “ይህ የኛ ትምህርት አይደለም” ቢልህ መመለሻ የለህም።

ጥያቄ፦ ጀምሬ ቢከብደኝ አንዱን መተው እችላለሁ?

መልስ፦ አዎ፣ ብዙ ጊዜ የሬጅስትራር አንድ ፎርም ነው። የወሰድሻቸው ኮርሶች አይጠፉም፤ ወደ ነፃ ምርጫ ይዞራሉ፣ አንዳንዴም ማይነር ይሞላሉ። ሳትተዪ በፊት ግን ስኮላርሺፕሽ ወይም የተማሪ ቪዛሽ ከጥምር ፕሮግራሙ ስም ጋር የተያያዘ መሆኑን አረጋግጪ፤ ፎርሙ ከገባ በኋላ ለመመለስ እንደ አዲስ ማመልከት ሊጠየቅ ይችላል። የምትተዪውንም በጥንቃቄ ምረጪ፦ የከበደሽን ሳይሆን ቀሪ ሰንሰለቱ የሚረዝመውን።