ራጅ ያላሳየው ስንጥቅ

ከድሬዳዋው ሳቢያን ሰፈር የመጣ አንድ ወጣት ሯጭ «ራጁ ነጻ ነው ከተባልኩ ቅልጥሜን ለምን ያመኛል?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ እዚያው ድሬዳዋ ጀማሪ የራጅ ባለሙያ ሳለሁ ራጅ ያነሣኋት አንዲት ልጅ ትዝ አለችኝ።

ልጅቱ ፀሐይ ሳይበረታ በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ስትሮጥ የኖረች ናት፤ ውድድር ሲቃረብ ግን አሠልጣኟ ወደ ከዚራ ሰፈር አስፋልት አወጣትና ርቀቱንም በአንድ ጊዜ እጥፍ አደረገባት። የት እንደሚያማት ስጠይቃት እጇን እግሯ ላይ አላንሸራተተችም፤ የቅልጥሟን ፊት መካከል በአንድ ጣት ነክታ «እዚህች ጋ ብቻ ነው» አለችኝ። በዚያ ዘመን ፊልም የሚታጠበው በእጅ ነበር፤ ማጠቢያው ወደ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን ሲገባው የድሬ ሙቀት አላስችል ስለሚል በገንዳው ዙሪያ በረዶ እንከምር ነበር። ዛሬ ምስሉ በደቂቃ ስክሪን ላይ ብቅ ሲል «ዘገየ» ብለው የሚያጉረመርሙ ወጣቶች ይህን ብነግራቸው አያምኑኝም።

ፊልሟ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ሐኪሙም «ስብራት አይታይም፤ ሕመሙ ከቀጠለ ትመለስ» ብሎ ጻፈ። አሠልጣኙ የመጀመሪያዋን ግማሽ ብቻ ይዞ ወደ ልምምድ መለሳት። ከሳምንታት በኋላ እያነከሰች ስትመጣ፣ የቅልጥሟን የፊት ግድግዳ የሚያቋርጥ ቀጭን ጥቁር መስመር ፊልሙ ላይ ይታይ ነበር። ያ ጎን አጥንቱ ጭነት ሲያርፍበት የሚለጠጥ በመሆኑ ስንጥቁ ቶሎ አይገጥምም፤ እሷም ሩጫውን በዚያው ተወችው። የሐኪሙ ጽሑፍ ትክክል ነበር፤ ቢሆንም እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አጥንት ሕያው ነው፤ ጭነት ሲጨመርበት የተጎዳውን አፍርሶ አዲስ ይገነባል፣ ማፍረሱ ግን ከመገንባቱ ይቀድማል። በዚህ መካከል ሩጫው ካልቆመ አጥንቱ ይሰነጠቃል። በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ሳምንታት ራጅ ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም፤ ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው ኋላ ለጥገና የሚበቅለውን አጥንት ነው፤ በማግኔት የሚያነሣው ኤምአርአይ ግን ቀድሞ ይደርስበታል። የፕሩሲያው ጦር ሐኪም ብራይትሃውፕት በእግር ጉዞ ያበጠውን የወታደሮች እግር፣ ዛሬ ይኸው ስንጥቅ መሆኑን የምናውቀውን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1855 ሲገልጽ፣ ራጅ ሊገኝ ገና 40 ዓመት ይቀረው ነበር። ከመሣሪያው በፊት ሊታመን የሚገባው ያ አንድ ጣት ነው።

የዛሬ ወጣቶች ሕመም አትችሉም እያልኩ ሁልጊዜ አማርራለሁ፤ ያቺ ልጅ ማማረር ብታውቅ ኖሮ ግን ሩጫዋ ይተርፍላት ነበር። ስልካችሁ የቆጠረላችሁን ኪሎ ሜትር ከጓደኛችሁ ጋር ማፎካከሩንም አልወደውም። ወጌሻን አልንቅም፤ ለወለምታ እኔም ሄጃለሁ፤ ነገር ግን የተሰነጠቀ አጥንት መታሸት የለበትም።

አብዛኛው ስንጥቅ ሩጫ ከቆመ በ6 እስከ 8 ሳምንት ይድናል፤ መመለሱም ያለ ሕመም መራመድ ከተቻለ በኋላ ቀስ በቀስ ነው። የወር አበባዋ የቀረባት ሯጭ ምግቧ ከልምምዷ ያነሰ ሊሆን ስለሚችልና አጥንቷም ስለሚሳሳ፣ ሳታፍር ለሐኪም ትንገር። ስትሮጡ ብሽሽታችሁን ካመማችሁ ደግሞ ስንጥቁ የጭን አጥንት አንገት ላይ ሊሆንና አጥንቱ ሊንሸራተት ስለሚችል፣ ሳምንት አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን እግሩን ሳትረግጡ በክራንች ወደ ሐኪም ሂዱ።