መልስ፦ እስረኞችና ጠባቂዎች ኳስ የሚጫወቱበት ፊልም ስሙ ማነው?

ወንድሜ የምትፈልገው ሚን ማሺን ነው፣ በፈረንጆቹ 2001 የወጣው የእንግሊዞቹ ፊልም። ከኔ በፊት የመለሰልህ ልጅ የጠቀሰው የአዳም ሳንድለሩ ፊልም ደሞ በ2005 የወጣው የአሜሪካኖቹ ነው፣ እሱ ላይ የሚጫወቱት በእጅ የሚያዘውን የነሱን ኳስ፣ አሜሪካን ፉትቦልን ነው። የሁለቱም መነሻ ግን አንድ ነው፣ በርት ሬይኖልድስ የሰራው የ1974ቱ።

እኔ ልጅ ሆኜ ቃሊቲ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነው ያየሁት፣ አግዳሚው ሞልቶ ግማሾቻችን መሬት ላይ ተቀምጠን፣ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ተጋርዶ፣ ጎል ሲገባ ቆርቆሮውን ስንደበድብ ባለቤቱ ወጥቶ ሊያባርረን ነበር። ዋናው ተዋናይ ቪኒ ጆንስ ነው፣ የእንግሊዝ ብሄራዊ ቡድን አምበል የነበረና ጨዋታ ሸጧል ተብሎ ስሙ የጠፋ፣ በኋላ ፖሊስ ደብድቦ የታሰረ ሰው ሆኖ ነው የሚሰራው። ሰውየው በእውነትም ኳስ ተጫዋች ነበር እኮ! በ1988 ከዊምብልደን ጋር ሊቨርፑልን 1 ለ 0 አሸንፈው ኤፍኤ ካፕ በልተዋል፣ ለዛ ነው ታክሉ ትወና የማይመስለው። በረኛው ደሞ ጄሰን ስታተም ነው፣ ሁሉም እስረኛ የሚፈራው እብድ ነገር፣ ከጎሉ ወጥቶ ሰው ሲጥል ሳቄን መቆጣጠር አልችልም።

ግን ኮሜዲ ብቻ ነው ብለህ እንዳትገባበት፣ ዶክ የሚባለውን ሽማግሌ በደንብ ተከታተለው፣ እኔን ያስለቀሰኝ እሱ ነው። የእረፍት ሰዓቱንም እንዳታሳልፈው፣ መልበሻ ክፍል ውስጥ የቪኒ ጆንስን ፊት ብቻ እየው።