ከአባቴ ክኒን ባካፍለውስ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ፍኖተ ሰላም አጠገብ ነው። አባቴ የ67 ዓመት ገበሬ ናቸው። ዝም ብለው ሲቀመጡ ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ 2 ዓመት ሆነው፤ ዘንድሮ ጤፉን የዘራልን ጎረቤት ነው። ሌቮዶፓ ታዞላቸው ተሽሏቸዋል። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ እየሰማ ሲሠቃይ ሃሎፔሪዶል ተሰጠው። ድምፁ ጠፋለት፤ አሁን ግን ፊቱ ደርቆ፣ እጁም እንደ አባቴ ይንቀጠቀጣል። ከአባቴ ክኒን ባካፍለውስ?

መልስ፦ እህቴ፣ አያካፍሉት። እናቴ ቢቸና ሳለች እሳት እንደሚጫር ሁሉ ክኒንም ከጎረቤት ትጭር ነበርና ሐሳብዎ አልገረመኝም። ደግሞም ዓይንዎ አልተሳሳተም፤ የሁለቱ መንቀጥቀጥ ዘመዳሞች ናቸው። የሚያገናኛቸው ዶፓሚን የሚባለው፣ የአንጎል ሕዋሳት የሚላላኩበት ኬሚካል ነው።

አባትዎን የያዛቸው ፓርኪንሰን ይመስላል፤ በዚህ ሕመም ዶፓሚን አምራቾቹ ሕዋሳት እየሞቱ ያልቃሉ። ዶፓሚኑን ራሱን ቢውጡት ከደም ወደ አንጎል አይሻገርም፤ ሌቮዶፓ ግን ተሻግሮ እዚያው ዶፓሚን ይሆናል። ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን በ1957 እ.ኤ.አ. በመድኃኒት ደንዝዘው የተጋደሙ ጥንቸሎችን በዚሁ ነገር አስነሥቷል፤ ኖቤል የተሸለመው ግን በ2000 ነው። ትዕግሥት ይሏል ይህ ነው።

የወንድምዎ ነገር የተገላቢጦሽ ነው። እንዲህ ባለ ሕመም በአንዳንድ የአንጎል ክፍል የዶፓሚን ሥራ ያይላል፤ ሃሎፔሪዶል መቀበያውን ይደፍናል። ቦታ ስለማይመርጥ ግን እንቅስቃሴ የሚመራውንም ክፍል አብሮ ይደፍነዋል። መንቀጥቀጡ የመጣው ከዚያ ሳይሆን አይቀርም። ሌቮዶፓ ቢሰጡት ያ ድምፅ ሊመለስበት ይችላል። በራሱ ፈቃድ ማቋረጡም ያው ነው። ያዘዘለት ሐኪም መጠኑን ሊቀንስ ወይም በሌላ ሊለውጥለት ይችላልና ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚህ ሳምንት ይውሰዱት። አንገቱ ቢጣመም፣ ወይም ትኩሳት ይዞት ሰውነቱ ቢገተር በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ያድርሱት።

ስለ አባትዎ አልጠየቁኝም፤ ግን ልጨምር። ሌቮዶፓ ከፕሮቲን ጋር ይሻማል፤ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ቢውጡት ይሻላል። ጾም ነው ብለው አይዘናጉ፤ ሽሮውም ፕሮቲን ነው። ቢያቅለሸልሻቸው ደግሞ ሜቶክሎፕራማይድ እንዳይሰጣቸው ለፋርማሲው ሰው ሕመማቸውን አስቀድመው ይንገሩ፤ እርሱም እንደ ወንድምዎ መድኃኒት ዶፓሚንን ይደፍናል።