ጠይብ ያልነው ሰው

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን አንዲት ተማሪ ሥዕሏን በነጠላ ጠቅልላ ጅማ ወዳለው ቤቴ መጣች። ገና ሳትፈታው፣ «ጋሼ፣ ራሴን አርቲስት ብዬ ብጠራ ያስነውራል?» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ሥዕል ሳስተምር ኖሬ መልስ አጣሁ።

ይህ ስም እንዴት እንደሚነፈግ ግን አውቃለሁ፤ ነፍጌአለሁና። በማስተምርበት ትምህርት ቤት ዐውደ ርእይ ስናሰናዳ አንድ አዛውንት ሁለት በርጩማ ተሸክመው መጡ። «አባቴ፣ ይህ የእጅ ሥራ ነው፤ ገበያ ይውሰዱት» አልኳቸው። አልተቆጡም። በርጩማቸውን አንስተው ሄዱ።

ከዓመታት በኋላ ደጃፋቸው ተቀምጬ ሲጠርቡ አየሁ። መቀመጫውም ሦስቱም እግሮች የሚወጡት ከአንድ የዋንዛ ግንድ ነው፤ ሚስማር የለው፣ ማጣበቂያ የለው። በመጥረቢያ ቅርጹን ካወጡ በኋላ መቀመጫውን በመሮ ይፈለፍላሉ፤ በየመሀሉ ቆም ብለው እንጨቱን በአውራ ጣታቸው ይዳብሳሉ። አንዱ እግር ሊወጣበት ከታሰበው ቦታ ላይ አንጓ አገኙ። እኔ ብሆን ግንዱን እጥለው ነበር። እሳቸው ዝም ብለው ሲያዩት ቆዩና እግሩን ጥቂት ወደ ውጭ አዘንብለው አንጓውን መነሻው አደረጉት። እንዲህ ያለ ውሳኔ ሸራ ላይ ስንት ቀን እንደሚያስጨንቀኝ እኔ አውቃለሁ።

እስቲ ቋንቋችንን ተመልከቱ። ጠይብ የጥበብ ዘመድ የሆነ ቃል ነው፤ እኛ ግን ስድብ አደረግነው። ብረት ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ እያልን ሸሸን፤ ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ። አርቲስት የሚለውን የባዕድ ቃል ደግሞ ለተዋናዩና ለዘፋኙ ማዕረግ አድርገን ከስማቸው ፊት አስቀመጥንላቸው። (ዘፋኙም ቢሆን ትናንት አዝማሪ ተብሎ ይናቅ ነበር።) ለሠዓሊው ሠዓሊ ዓለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከፈቱለት፤ ትልቅ ውለታ ነው። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ዲፕሎማ የሌለውን እጅ ጥበብ የለውም አልን።

ጅሬን ወጥታችሁ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የእንጨት ሥራ ጠጋ ብላችሁ እዩ። የንጉሡን ስም ሁላችን እናውቃለን፤ የጠራቢዎቹን ስም የነገረኝ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ስለዚህ ገበያ ስትወጡ የበርጩማውን ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ማን እንደጠረበው ጠይቁ፤ ስሙንም ጻፉ። እኔ የዚያን ቀን አልጠየቅሁም።

ልጅቷ ቅዳሜ ትመለሳለች። የሳለችው ቡና የሚለቅሙ የእናቷን እጆች ነው። ጣቶቹ ሕይወት አላቸው፤ ከሥራቸው ያለውን ጥላ ግን በጥቁር ቀለም ብቻ ደፍናዋለች። ቡናማና ሰማያዊ እንደባልቃለን፣ ጥላውን አብረን እንሞክረዋለን።