ቲዩቡን ነቅለህ እየው

የኮምቦልቻው ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። የአባትህን ሸክላ ማጫወቻ ከአንድ ካርቶን ሸክላ ጋር ወርሰሃል። «ድምፁ ሞቅ እንዲል የትኛውን ቲዩብ ፕሪአምፕ ልግዛ?» ነው ያልከው። ፕሪአምፕ ከማጫወቻው የሚወጣውን ደካማ ሲግናል የሚያጎላ ዕቃ ነው፤ ቲዩቡ ደግሞ ይህን የሚሠራለት፣ ሲግል የሚያበራ አምፖል መሰል መስታወት። አብሽር፣ እኔም እዚህ ደሴ በዚሁ ነገር ብሬን አቃጥያለሁ።

መጀመሪያ የገዛሁት 6ጄ1 የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ቲዩቦች ያሉትን ነው። ማታ መብራት አጥፍቼ ሳየው ፍም ይመስላል። ሸክላ ሳጫውትበት ግን የወባ ትንኝ ድምፅ! ባስ የሚባል የለም። ሰፈራችን ላሉ አንድ ሽማግሌ ሬዲዮ ጠጋኝ አሳየኋቸው። ምንም ሳይናገሩ አብርተው አንዱን ቲዩብ ከሶኬቱ ነቀሉት። ፍሙ እዚያው አለ! ለካ ሶኬቱ ሥር አንዲት ኤልኢዲ ተሸጉጣለች። «ይኼንንስ ለዓይንህ ነው የገዛኸው» ብለው ሳቁብኝ።

መብራቷስ ትሁን። ትልቁ ጥፋት ዕቃው የፎኖ፣ ማለትም ለሸክላ ማጫወቻ የተሠራ፣ አለመሆኑ ነበር። ሸክላ ሲቀረጽ ባሱ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ድምፅ ተጨምሮ ነው። ባሱ እንዳለ ቢቀረጽ መስመሩ ቦታ ይፈጅና ሸክላው ብዙ ዘፈን አይዝም። ስታጫውት ይህን መልሶ የሚያቃና አርአይኤኤ የሚባል ማስተካከያ ያስፈልጋል። ከካርትሪጁ (መርፌው ከተሰካበት ክፍል) የሚወጣው ሲግናል ደግሞ ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ብቻ ነው፤ 100 እጥፍ ገደማ መጉላት አለበት። ይህ ኤምኤም ለሚባለው የተለመደ የካርትሪጅ ዓይነት ነው። ኤምሲ የሚባለው ዓይነት ከሆነማ ሲግናሉ ብዙውን ጊዜ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ «ፎኖ» የሚል መግቢያ የሌለውን ቲዩቡ ወርቅ ቢሆን እንኳ እለፈው።

እውነተኛ ቲዩብ ካማረህ 12ኤኤክስ7 የሚጠቀም ፈልግ። የጊታር አምፕሊፋየሮችም ስለሚጠቀሙበት መለዋወጫው አይጠፋም። በወጉ የተሠራ ከሆነ ውስጡ ከ200 ቮልት በላይ አለ። ከግድግዳው ሶኬት ነቅለኸውም ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) ቻርጅ ይዞ ይቆያል፣ በጣትህ እንዳትጎረጉረው።

የኛ አገር መብራት ደግሞ አለ። እኔ ጋ ማታ ማታ፣ ሁሉም ምጣዱን ሲጥድ፣ ቮልቴጁ ይወርዳል። ቲዩቡም አብሮ ይደክማል። ስታቢላይዘር ሳትይዝ ቲዩብ አትግዛ።

«እምምም» የሚል ድምፅ ከሰማህ ቶሎ ዕቃውን አትውቀስ። የማጫወቻውን ብረት በጣትህ ንካ፤ ከቀነሰ ከማጫወቻው ወደ ፕሪአምፑ የሚሄደው የኧርዝ ሽቦ አልታሰረም ማለት ነው። እኔ ሁለት ሳምንት የተሰቃየሁት በዚያች ቀጭን ሽቦ ነው።

ብሩ የኔ ቢሆን? መጀመሪያ አዲስ መርፌ። የአባትህ መርፌ ስንት ዓመት እንደሠራ ማን ያውቃል፣ ያለቀ መርፌ ሸክላውን ይፍቀዋል። ቀጥሎ ርካሽ፣ ቲዩብ የሌለው የፎኖ ፕሪአምፕ። ብዙዎቹ የድሮ ሸክላዎች ሞኖ (በግራም በቀኝም አንድ ዓይነት ድምፅ) ስለሆኑ የሞኖ ማብሪያ ያለው ካገኘህ ጫጫታው ብዙ ይቀንስልሃል። እኔ አሁን የማዳምጠው በዚህ ነው። የአምባሰል ዘፈን ስከፍት የማሲንቆው ጭራ ሲፋተግ ይሰማኛል። ቲዩቡ የሚጨምረው ሙቀት ከዚህ በኋላ የሚመጣ ቅመም ነው።

ለማንኛውም ገንዘብህን ሳታወጣ የማጫወቻህን ጀርባ አየት አድርግ። አንዳንዱ ፕሪአምፑ አብሮት ተሠርቷል። የካርትሪጁንም ፎቶ አንሥተህ እዚሁ ለጥፍልን።